አንሶላው ከፍ ይበል

ትራይፊና ፔሊ፣ በመንደር ስሟ ፊኒ፣ ከደረጃ የወደቀችው በሐምሌ ነው። የወደቀችው ሦስት እርከን ብቻ ነው፤ እሷን ከጠየቃችሁ ደግሞ ጭራሽ አልወደቀችም፣ ቸኩላ ነው የወረደችው። ዳሌዋ ግን ይህን ማብራሪያ ስላልተቀበለው ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለች። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ልጇ ኬልቪን ሴንት ጆንስ ከተማ ተቀምጦ የእናቱን ቀሪ ዕድሜ አሰናድቶ ጨረሰ። ከቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት አንድ ክፍል አስቀባ። ዝቅ ያለ አልጋ ገዛ። መታጠቢያው ግድግዳ ላይ የሚጨበጥ ብረት አስተከለ። የምትሄድበትንም ቀን ቆረጠ፤ የመስከረሙ የዓሣ ወቅት ካለቀ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት። ከዚያም የክፍሉን ፎቶግራፍ በፖስታ ላከላት።

ኬልቪን ክፉ ልጅ አይደለም። በእናቱ መንደር በሬንጅ ሃርበር ያለ ሰው ሁሉ ይህን ይመሰክርለታል፤ ፊኒም ራሷ፣ ካስጨነቋት፣ ትመሰክራለች። ሙያው የሥራ ቦታ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነው። መሰላል ባየ ቁጥር የሚወድቅ ሰው ይታየዋል፤ ሽቦ ባየ ቁጥር የሚቃጠል ሰው ይታየዋል። እናቱን ባየ ቁጥር ደግሞ ደረጃው ይታየዋል። ክፉ ቢሆን ኖሮ ፊኒ በሩን ዘግታበት ትገላገል ነበር። ደግ ሆኖ መጣባትና ተቸገረች።

ፎቶው በደረሳት ቀን ስልክ ደወለችለት።

"መስኮቱ የታለ?" አለችው።

"ከላይ አለ እማዬ። ከጣሪያው ሥር፣ በስተቀኝ።"

"እሱማ የድመት መግቢያ ነው። በል ስማኝ፣ ከዚያ ሰኞህ በፊት ሥራ አለብኝ።"

"ምን ሥራ አለብሽ?"

"ሃርዲስ ኮቭ ሄጄ ዓሣ አጠምዳለሁ።"

ሃርዲስ ኮቭ ከሬንጅ ሃርበር በጀልባ የአንድ ሰዓት መንገድ ወደ ሰሜን ነው። ገደሉ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣ፣ በሰኔ የበረዶ ተራራ በደጁ ተንሳፍፎ የሚያልፍ፣ ፎቶ አንሺ ሁሉ ከሩቅ አገር የሚመጣለት ቦታ ነው፤ ሰው ግን አይኖርበትም። ድሮ አሥራ ስምንት ቤተሰብ ነበረበት። መንግሥት ትምህርት ቤትና ሐኪም ወዳለበት ተሰብሰቡ ባለ ጊዜ የሃርዲስ ኮቭ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው አልሄዱም፤ ይዘውት ሄዱ። የእንጨት ቤት ነውና ከሥሩ ባዶ በርሜል አሥረው፣ ባሕሩ ሲሞላ ገፍተው አንሳፈፉት፤ በስድስት ጀልባም ጎተቱት። ፊኒ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ባሕር ላይ ሲጓዝ እናቷ መጋረጃውን እንኳ አላወረደችም። ፊኒ ያደገችበት፣ ባል ያገባችበት፣ ኬልቪንን የወለደችበት፣ ባሏን ኤልድሬድን የሸኘችበት ቤት ያ በባሕር የመጣው ቤት ነው። አሁን ኬልቪን ዝጊውና ነይ የሚላትም እሱኑ ነው።

"ሃርዲስ ኮቭ ዓሣ የለም" አለ ኬልቪን በስልኩ። "አጎቴ ሄድሊ ስንቴ ሞክረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።"

"ሄድሊ የት እንደሚጣል አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ከድስቱ ነው የማወጣው።"

"እማዬ፣ ድስቱ እኮ ተረት ነው።"

ይህን ባይል ይሻለው ነበር።

"ጥሩ" አለች ፊኒ። "ተረት ከሆነ ሰኞ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ መኪናህ ውስጥ እገባልሃለሁ፤ አንድ ቃል አልተነፍስም። ከድስቱ የቀን ድርሻዬን አምስት ዓሣ ካወጣሁ ግን ምድር ቤትህን ድንች አስቀምጥበት። ሁለተኛ አታነሳብኝም።"

ኬልቪን ጥቂት አሰበ። እናቱ አንድ ቃል ሳትተነፍስ መኪና ውስጥ ስትገባ ታየው፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። "እሺ" አለ። "ግን እኔም ጀልባው ላይ እሆናለሁ። የመንሳፈፊያ ጃኬትም ትለብሻለሽ።"

"ሁለት እለብስልሃለሁ" ብላ ዘጋችበት።

ድስቱ በባሕር ውስጥ ያለ የድንጋይ ጉብታ ነው። ዓሣ ጎድሎበት አያውቅም ስለሚባል ድስቱ ተባለ። በዚያ አገር እንዲህ ያለውን ቦታ የሚያገኙት በምልክት ነው። ጀልባው ላይ ቆመው ዓይናቸውን ወደ መሬት ይመልሱና ሁለት ነገር ያስተካክላሉ፤ የደሴቱ ጫፍ ከገደሉ ስንጥቅ ጋር ሲገጥም አንድ መስመር፣ አንድ ቋጥኝ ከአንድ ቤት ጋር ሲገጥም ሌላ መስመር። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ላይ መንጠቆ ይጣላል። ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ካሉ ሲያጠምዱ የሚውሉት ጭቃ ነው። ምልክት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል እንጂ ለጎረቤት አይነገርም፤ ለጎረቤት ከመንገር ጥርስ ማስነቀል ይቀላል።

የድስቱ ባለቤት የፊኒ አባት ጄሲ ራይዳውት ነበር። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሴት ጀልባ ላይ ከወጣች ዓሣ ይሸሻል ብሎ የሚያምን ሰው ስለነበር ፊኒን አንድ ቀን እንኳ አላሳፈራትም። ምልክቱን ግን ሳያውቀው አስተማራት። የመጀመሪያውን መስመር፣ የደሴቱንና የስንጥቁን፣ መንደሩ በሙሉ ያውቀው ነበር፤ መስመሩ ግን ረጅም ነው፣ በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚቆም ማንም አያውቅም። ሁለተኛው የጄሲ የራሱ ቤት ነበር። ጭጋግ በሚሆንበት ጊዜ ቤቱ ስለማይታየው "ዛሬ አንሶላውን አውጪው" ብሎ ይወጣል። ፊኒም ፎቅ ወጥታ ነጭ አንሶላ በመስኮቱ ታንጠለጥላለች። ጎረቤቶቹ፣ የራይዳውት ቤት በዝናብም ልብስ ያሰጣል እያሉ ይስቁ ነበር። እሷ ግን አንሶላውን ይዛ መስኮቱ ላይ ቆማ የአባቷ ጀልባ የት እንደሚቆም ታያለች። ሁልጊዜ ከባሕሩ ዳር ካለው ከጥቁሩ ቋጥኝ አናት ትክክል ነበር።

ከዚያ ቤቱ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ጄሲ ወደ ሃርዲስ ኮቭ ተመልሶ ጀልባውን አቆመና ወደ መሬት ቢዞር ቤቱ የለም። የራሱን ምልክት በራሱ ጀልባ ጎትቶ ወስዶታል! ሬንጅ ሃርበር በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ስቆ አልጠገበም። አንድ ሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ "ጄሲ ቤቱን እየፈለገ ነው" ይባላል። ሰውዬው ቤቱ በነበረበት ላይ አንድ ሰው አቁሞ አንሶላ ማስያዝ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሚያቆመው ሰው ምልክቱን ሊያውቅበት ነው። ስለዚህ ለማንም ሳይናገር፣ ድስቱንም ዳግም ሳያገኝ ሞተ። በአባቷ የሚሳቀው ሳቅ ፊኒን ስልሳ ዓመት ሙሉ አንገብግቧታል።

ጉዞው የታቀደው በወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ነው። የጀልባው ባለቤት፣ ኬልቪን በአክብሮት አጎቴ የሚለው ጎረቤቷ ሄድሊ ባርት ነው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ በሁለተኛውም የሚፈልገውን ብቻ የሚሰማ ሰው። ፊኒ የምድር ቤቱን ፎቶግራፍ ገልብጣ በጀርባው ላይ ባሕሩን ሣለች። ደሴቱን፣ ስንጥቁን፣ ቋጥኙን፣ ቤቱ የነበረበትን። ከዚያ እርሳሷን መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ አድርጋ ቆመች።

"ምነው?" አለ ሄድሊ።

"ማል።"

"በምን ልማል? በዚህ ዕድሜዬ ለማን እነግራለሁ? የሚሰማኝ ሰው የለም።"

"በጀልባህ ማል።"

ማለላት። ነጥቧን አደረገችና ስለ አንሶላው ነገረችው። ሄድሊ ባርኔጣውን አወለቀ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። "አንቺ ሴትዮ" አለ ቀስ ብሎ፣ "አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህች ነጥብ አጠገብ ጭቃ ላጠምድ ስወጣ፣ አንቺ እዚህ መስኮት ላይ ሆነሽ ታዪኝ ነበር?"

"እጄን እያውለበለብኩ" አለችው።

የመስከረሙ የዓሣ ወቅት ዘጠኝ ቀን ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ዓሣ። ከዘጠኙ ሁለቱ እሑድ ናቸው፤ በእሑድ መንጠቆ የሚጥል ሰው ሬንጅ ሃርበር ውስጥ ለሳምንት ሰላም የሚለው አያገኝም። ስለዚህ ሰባት ቀን ቀራቸው። ለመጀመሪያው ቅዳሜ ተዘጋጁ። ሄድሊ እግሩን በመጋዝ ያሳጠረው የወጥ ቤት ወንበር ጀልባው ውስጥ ታሰረላት። ፊኒ ወደ ጀልባ መግባትን በራሷ ወጥ ቤት ተለማመደች፤ አንድ እግር በሣጥን ላይ፣ ከዚያ መዞር፣ ከዚያ መቀመጥ። ዳሌዋ ሲጮህ እሷ ትሰድበዋለች። ዳቦ በሞላሰስ፣ ደረቅ ብስኩት፣ ስኳርና ሻይ በቆርቆሮ ተቀመጠ። የኤልድሬድን የእጅ ማጥመጃ ሲባጎ ከጎተራው አወጣች፤ ጫፉ ላይ ዓሣ መስሎ የተሠራ፣ ሲባጎውን የሚያሰምጥ የእርሳስ ብረትና ሁለት መንጠቆ አለው።

ኬልቪን ዓርብ ደረሰ፤ ሃያ ባዶ ካርቶን ይዞ። ለሻይ ማፍያ የሚሆነውን ጥቁር ማንቆርቆሪያ ገና ከመግባቱ አንደኛው ካርቶን ውስጥ ከተተውና በላዩ "ወጥ ቤት" ብሎ ጻፈበት። ፊኒ መልሳ አወጣችው።

"ይሄ ባሕር ይወርዳል" አለች።

ከዚያም ኬልቪን ደረጃውን በሁለት ካርቶን ዘጋው። ፎቅ መውጣት ቀረ፤ እሷ ሶፋ ላይ ተኛች።

ቅዳሜ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ሄድሊ ሃርዲስ ኮቭ ወርዶ፣ የድሮው ቤት የመሠረት ድንጋይ መካከል አንድ እንጨት በድንጋይ ክምር አቆመ፤ ቁመቱ የሰው ቁመት፣ ጫፉ ላይ ነጭ አንሶላ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ወጡ። ፊኒ በወንበሯ ላይ ሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬት ደርባ ተቀምጣለች፤ ቃሏን ጠብቃለች። የመጀመሪያውን መስመር ወዲያው ያዙት። ሄድሊ በመስመሩ ላይ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ነዳ።

አንሶላው ከቋጥኙ በስተግራ በደንብ ይታይ ነበር። ወደ ቋጥኙ ቀረበ። ቀረበ። ከዚያ ጠፋ።

"የታለ?" አለች ፊኒ።

ጥቁሩ ቋጥኝ የቤት ያህል ሰፊ ነው፤ አንሶላው ከጀርባው ገብቶ ቀረ። ብዙ ከነዱ በኋላ በስተቀኝ ብቅ አለ። ተመለሱ፤ እንደገና ጠፋ። በመካከሉ ያለው ባሕር ሰፊ ነው፤ የቱ ጋ ነው የሚጣለው? ፊኒ ሰባት ቦታ ጣለች። ሰባት ጊዜ እርሳሱ ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ በጣቷ ተሰማት። የሄድሊ ቀልድ አለቀ። ሻይም ሳያፈሉ ተመለሱ።

ወደብ ሲደርሱ ኬልቪን በክንዷ ደግፎ አወጣት። "አይዞሽ እማዬ" አለ። "ሞክረሻል፤ ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።"

ቢስቅባት ይሻላት ነበር። ሌሎቹ በአባቷ ስቀዋል፤ የሳቀ ሰው ቢያንስ ሽንፈቱን እንደ ሰው ሽንፈት ቆጥሮታል። ይህኛው ግን ጭንቅላቷን ሊዳስሳት ምንም አልቀረው። ፊኒ ክንዷን አስለቀቀችና ጃኬቶቹን አንድ በአንድ አውልቃ እጁ ላይ ጫነችበት። "ገና ስድስት ቀን አለኝ" አለችው።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነፋስ ነፈሰ። ጀልባ ሁሉ ታሰረ። ኬልቪን ካርቶን ሲሞላ ዋለ፤ በየካርቶኑ ላይ በትላልቅ ፊደል እየጻፈ። ፊኒ ሶፋዋ ላይ ሆና ሕይወቷ በየስሙ ሲታሸግ አየች። ሐሙስ ኬልቪን ተጨማሪ ማሸጊያ ሊገዛ ሱቅ ሄደ። እሷ ባሕሩ ምን ያህል እንደተናደደ ለማየት ወደ ሳሎኑ መስኮት ሄደች። ባሕሩ አልታያትም። የሄድሊ ጎተራ ጋርዶታል።

ይህ ጎተራ ሠላሳ ዓመት እዚያው ነው። ፊኒም ከዚያ ወዲህ ባሕሩን በዚህ መስኮት አይታ አታውቅም፤ ባሕሩን የምታየው ከፎቅ ነው፣ በጎተራው አናት ላይ። ቆማ ጎተራውን አየችው። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች። አንሶላውን የምትሰቅለው ፎቅ ላይ አልነበረም እንዴ! አባቷ ያየው የነበረው ከቋጥኙ በላይ ብቅ ያለውን መስኮት ነው እንጂ ከቋጥኙ ኋላ ያለውን የቤት ደጅ አይደለም። የቤቱን ቦታ አስባ ቁመቱን ረስታ ነበር።

"የአባትሽ ልጅ!" አለች ራሷን፣ ጮክ ብላ።

ካርቶኖቹን በእግሯ ገፋቻቸው። ደረጃው ላይ ጀርባዋን አዙራ ተቀመጠችና በመቀመጫዋ፣ እርከን በእርከን፣ ሽቅብ ወጣች። አሥራ አራት እርከን ነው። በሰባተኛው ላይ ዳሌዋ አስለቀሳት፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ስምንተኛውን ወጣች። ፎቅ ስትደርስ መስኮቱን ከፍታ የኤልድሬድን እርሳስ በውጭ በኩል ለቀቀችው፤ ሲባጎውንም ቀስ እያለች ወደ መሬት አወረደችው።

ኬልቪን ከሱቅ ሲመለስ በሩ ላይ አፍንጫው ፊት አንድ የእርሳስ ዓሣ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ አገኘ። ቀና አለ።

"እማዬ! እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ቤቴን እየለካሁ ነው። አትንካው! መሬት ነክቷል ወይ?"

"በምን ወጣሽ? በምን ትወርጃለሽ?"

"መሬት ነክቷል ወይ ነው የምልህ?"

እርሳሱ መውረዱን ቀጠለ፤ ኬልቪን ጎንበስ ብሎ አየ። ምን ያድርግ፣ እናቱ ናት። "ነክቷል" አለ።

ሲባጎው ላይ ቋጠሮ አሰረች።

ዓርብም ነፈሰ። ሄድሊ ሁለት ረጃጅም የጥድ እንጨት አጋጥሞ በገመድ አሠረና ከቋጠሮው ጋር ለካው፤ የሁለት ሰው ቁመትና ከዚያም በላይ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት፣ በመጨረሻው ቀን፣ ነፋሱ ጋብ አለ፤ ግን ጨርሶ አልተኛም። ሃርዲስ ኮቭ ወርደው እንጨቱን ሲያቆሙት አልቆምም አለ። መሬቱ ራቁቱን አለት ነው፤ የድንጋዩ ክምር ለአጭሩ እንጨት እንጂ ለዚህ አልበቃም። አንሶላው ነፋስ ሲይዝ ሁለቴ ወደቀ።

"ሰው ይያዘው" አለ ሄድሊ። "እኔ ጀልባውን እነዳለሁ። አንቺ ታጠምጃለሽ።"

ሁለቱም ወደ ኬልቪን ዞሩ።

"አይሆንም" አለ ኬልቪን። "እኔ ጀልባው ላይ ካልሆንኩ እሷን ማን ይይዛታል? በዚያ ላይ ይህን የሚያህል እንጨት፣ በነፋስ፣ ያለ ማሠሪያ... በማንኛውም መመሪያ የተከለከለ ነው።"

"አጎትህ ሄድሊ ሁለት እጅ አለው" አለች ፊኒ። "አንተ ግን ልታስሞክረኝ ቃል ገብተሃል። ያ ሰፋፊው የሩባርብ አትክልት ቅጠል ይታይሃል? እሱ የእናቴ ጓሮ ነው። ከእሱ አምስት እርምጃ ወደ ባሕሩ ና። አዎ፣ እዚያ። እዚያ ደረጃው ነበር። አሁን ቤቱ አንተ ነህ። ቤት ደግሞ አይንቀሳቀስም።"

ኬልቪን የእንጨቱን ግርጌ በሁለት ድንጋይ መካከል አስገብቶ በትከሻው ደገፈውና አነሳው። አንሶላው ከራሱ በላይ ሲዘረጋ ፊቱ ቀላ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን የሚያደርገውን ሠራተኛ ከሥራ ያሳግድ ነበር።

ባሕሩ ላይ ሄድሊ የደሴቱን ጫፍ ከስንጥቁ ጋር ገጠመና በመስመሩ ወደ ውጭ ነዳ። ፊኒ ዓይኗን ከቋጥኙ ላይ አልነቀለችም። በስተግራ ነጭ ነገር ታየ። ወደ ቋጥኙ ቀረበ። ይህን ጊዜ አልጠፋም። ከቋጥኙ በላይ፣ በጥቁሩ ድንጋይ አናት ላይ፣ ነጩ አንሶላ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። በልጅነቷ ከዚያ ወገን ሆና ያየችውን፣ ከዚህ ወገን ሆና አንድም ቀን አይታው አታውቅም ነበር። አባቷ ጠዋት ጠዋት የሚያየው ይህን ነበር፤ በዚያ መስኮት ያለችውን ልጁን ግን አንድ ቀን እንኳ ነይ አላላትም። አዘነችበት፤ ተናደደችበትም፤ ሁለቱም እኩል ተሰማት።

"አቁም" አለች።

እርሳሱን ለቀቀችው። ሲባጎው በጣቶቿ መካከል ሮጠ። ከዚያ ጠቅ አለ። ድንጋይ! ጭቃ አልነበረም። አንድ ክንድ ከፍ አደረገችው፤ ሳብ፣ ለቀቅ፤ ሳብ፣ ለቀቅ። በአራተኛው ላይ ሲባጎው ከበደ፤ ወዲያውም የከበደው ነገር ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"ያዘሽ?" አለ ሄድሊ።

"እኔ ነኝ የያዝኩት!"

እጅ በእጅ ጎተተችው። ከወንበሯ ከመነሳቷ በፊት ሄድሊ በጃኬቷ ቀበቶ ያዛት። ዓሣው አፉን ከፍቶ ከነሙሉ ክብሩ ወጣ፤ ቡናማ ወርቃማ ጀርባ፣ ሆዱ ነጭ፣ ርዝመቱ ከጉልበቷ እስከ ጫማዋ። ሄድሊ ከአሥር ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ዓሣ አላየም። አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ፊኒ ወደ ሰማይ ቀና አለች። "ሴት ናት እንግዲህ ጄሲ ራይዳውት!" ብላ ጮኸች። "ሸሸ? ይኸው፣ ሸሸ?"

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ሦስተኛው ትንሽ አነሰ። አራተኛው ሲወጣ ነፋሱ ጨምሮ ነበር፤ አንሶላው ከቋጥኙ በላይ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር።

"ፊኒ" አለ ሄድሊ፣ "ልጁ ይወድቃል። በምልክት ይበቃሃል በይውና እናስወርደው። ከእንግዲህ ቦታውን አንለቅም።"

"ይቁም" አለች። "እኔን ከቤቴ ሊያወጣ ሃያ ካርቶን ይዞ የመጣ ነው። ቤት መሆን እንዴት እንደሆነ ትንሽ ይየው።"

አምስተኛው ዓሣ ቆየ። መዳፏ ተላጠ፤ ሲባጎው ላይ ደም ታየ። ሄድሊ በጎን ሁለት ለራሱ አወጣ። እሷ ግን ሳብ፣ ለቀቅ ማለቷን አልተወችም። በመጨረሻ መጣላት፤ ከአምስቱ ሁሉ ትንሹ ነበር፣ ግን ከድስቱ ነው፤ አምስት ነው። ጀልባው ወለል ላይ አስተኛችውና ሁለቱንም ክንዶቿን ወደ መሬት ዘረጋች፤ አውርደው፣ አለቀ፣ ማለቷ ነው።

አንሶላው አልወረደም።

እንደገና ዘረጋች። ሄድሊ ባርኔጣውን አውለበለበ። አንሶላው ነፋሱ ሲጥለው መልሶ ይቃናል፤ ሲጥለው ይቃናል፤ አልወረደም።

"ልጅሽ እንደኔ ደንቁሯል" አለ ሄድሊ።

ፊኒ ፈራች። ሞተሩን አስነስተው ወደ ባሕሩ ዳር ገቡ። ኬልቪን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። እንጨቱን በሁለት ክንዶቹ አቅፎ፣ ጉንጩን አስደግፎ፣ እግሮቹን የድሮው ቤት ድንጋይ ላይ ተክሎ ቆሟል። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ከነፋሱ ይሁን ከሌላ፣ ፊኒ አልጠየቀችም።

"አምስት!" አለችው ከጀልባው፣ አንዱን ዓሣ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ። "አውርደው እኮ አልኩህ! አላየኸኝም?"

"አይቼሻለሁ" አለ ኬልቪን። ድምፁ ተሰብሯል። "አጎቴ ሄድሊ፣ ስንት አወጡ?"

"ሁለት" አለ ሄድሊ።

"ታዲያ ሦስት ይቀርዎታል። ምን ልታደርጉ መጣችሁ? ተመለሱ። እኔ እዚህ ነኝ።"

አንሶላው ከላይ ይርገበገባል።

"እማዬ" አለ ኬልቪን፣ እንጨቱን ሳይለቅ፣ "ስንመለስ ደረጃው ላይ የእጅ መደገፊያ እገጥምልሻለሁ። ይህን እንኳ እንቢ አትበይኝ።"

ፊኒ ዓሣውን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

"በሁለቱም በኩል ይሁን" አለች። "እንጨቱን ደግሞ አቅናው፤ ወደ ግራ አዘንብለሃል።"

ኬልቪን አቀናው። ሄድሊ ጀልባውን አዙሮ ወደ ድስቱ ነዳ።